ወደ ኋላ የምታሳየው ቀስት

ፈረንጆች “ብራውዘር” የሚሉትን ቃል ከየት እንዳመጡት የሚጠይቅ ሰው እምብዛም አላጋጠመኝም። ብራውዝ ማድረግ በቀደመው ትርጉሙ ፍየል ቅጠል ስትቀነጥብ የምታደርገው ነገር ነው። ላም መስክ ላይ ሣር ስትግጥ ሌላ ቃል አላት። ፍየልና ግመል ግን ከቁጥቋጦ ቁጥቋጦ እየተዘዋወሩ፣ ከዚህ ለጋውን ከዚያ እንቡጡን እየቀነጠቡ ሲውሉ ብራውዝ አደረጉ ይባላል። ኋላ ቃሉ መጻሕፍት መደብር ገብቶ መጽሐፍ እያነሳ ለሚያገላብጥ ሰው ተሰጠ፤ ከዚያ ተነስቶ ኮምፒዩተር ላይ ወጣ። የእኛ ተርጓሚዎች በበኩላቸው “አሳሽ” ብለውታል። አሳሽ ሲባል ለእኔ ትዝ የሚለኝ የዓባይን ምንጭ አገኘሁ ሊል የመጣ፣ ባርኔጣ የደፋ ፈረንጅ ነው። ስለዚህ ፍየሏን እመርጣለሁ። ፍየል ቀኑን ሙሉ ስትቀነጥብ ትውላለች፤ ሲመሽ ግን ወደ በረቷ የሚመልሳትን መንገድ አትስትም።

የዛሬው ጨዋታችን ስለዚህ መመለሻ መንገድ ነው። የእነዚህን መሣሪያዎች ስም ልብ ብላችሁ ካያችሁ አንዳንዶቹ የመንገደኛ ስም ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የኔትስኬፕ ብራውዘር “ናቪጌተር” ተባለ፤ መርከብ የሚመራ ባሕረኛ ማለት ነው። በዓመቱ ማይክሮሶፍት “ኤክስፕሎረር” ብሎ ተከተለ። አፕል በ2003 ያወጣውን “ሳፋሪ” አለው፤ ቃሉ የስዋሂሊ ሲሆን ሥሩ የዓረብኛው “ሰፈር” ነው፤ ጉዞ። መተማ ገበያ ላይ ከሱዳኖች ጋር ሲገዛና ሲሸጥ የኖረ ነጋዴ ይህን ቃል ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል። እነዚህ ስሞች ስለ መሄድ ያወራሉ፤ ስለ መመለስ የሚያወራ ግን የለም። ለጀማሪ ሰው ደግሞ የሚከብደው መሄዱ ሳይሆን መመለሱ ነው። መሄድማ ምን ችግር አለው? አንድ ቦታ መንካት ነው። ከነኩ በኋላ “አሁን የት ነው ያለሁት? ቅድም የነበርኩበትስ የት ሄደ?” የሚለው ነው ሰውን ማውሱን አስጥሎ የሚያስነሳው።

መተማን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከጎንደር በአዘዞ ወጥታችሁ፣ ጭልጋን አልፋችሁ ወደ ቆላው ስትወርዱ አየሩ እየከበደ፣ ሰማዩ እየሰፋ ይመጣል። የምዕራብ ጎንደር ዞን መቀመጫ የሆነችውን ገንዳ ውኃን አልፋችሁ መጨረሻ ላይ መተማ ዮሐንስ ትደርሳላችሁ። ከድልድዩ ማዶ ገላባት ነው፤ ሱዳን። ከተማዋ ስሟን የወረሰችው በመጋቢት 1881 ዓ.ም. እዚያው ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ ከወደቁት ከአፄ ዮሐንስ 4ኛ ነው። ዛሬ የምትኖረው በሰሊጥ፣ በማሽላ፣ በጥጥና በድንበር ንግድ ነው። የአረምና የአጨዳ ወቅት በደረሰ ቁጥር ከደጋው በሺዎች የሚቆጠር ጎልማሳና ወጣት ወደዚህ ይወርዳል። አብዛኛው አገሩን አያውቀውም። ሜዳው ከሜዳው፣ የሰሊጥ ማሳው ከሰሊጥ ማሳው ይመሳሰልበታል።

ታዲያ እንዴት አይጠፋም? ይህን በቆላው ብዙ ዘመን የኖሩ አንድ አዛውንት ጠይቄያቸው ነበር። “መንገድ ሁለት መልክ አለው” አሉኝ። “ስትሄድ ያየኸው ዛፍ ስትመለስ ሌላ ዛፍ ይሆንብሃል። ስለዚህ አዲስ ሰው ይዘን ስንወጣ አልፎ አልፎ ‘ዞር በልና ኋላህን እይ’ እንለዋለን። ዞር እያለ የሄደ አይጠፋም።” ነገሩ ቀላል ነው፤ ግን ስለ ብራውዘር ከተጻፉ መመሪያዎች ሁሉ ይህን ያህል በአጭሩ የነገረኝ አላገኘሁም። ብራውዘሩ ላይ ከላይ በግራ በኩል ያለችው፣ ወደ ኋላ የምታሳየው ቀስት፣ ያቺው “ዞር በልና ኋላህን እይ” ናት።

እዚያው መተማ አንድ የጽሕፈት፣ የፎቶ ኮፒና የኢንተርኔት አገልግሎት የሚሰጥ ቤት ውስጥ ያየሁትን ላጫውታችሁ። ወሩ ጥር፣ ዓመቱ 2015 ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ይፋ የሆነበት ሰሞን ነበር። ታስታውሳላችሁ፤ ከግማሽ በላይ ነጥብ ያመጡት ከተፈተኑት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ቤቷ በሰው ተጨናንቃለች። አንዲት ቀልጣፋ ወጣት ኪቦርዱ ላይ ተቀምጣ የየሰዉን የፈተና ቁጥር እየተቀበለች ታስገባለች። ተራ የደረሳቸው አንድ አባት የልጃቸውን ቁጥር በቁራጭ ወረቀት ይዘው ከኋላዋ ቆመዋል። ገጹ ተጨናንቆ አልከፍት ይላል፤ ትሞክራለች፤ ሌላ ገጽ ይወጣል፤ ታልፈዋለች። አባትየው በድንገት “ልጄ፣ እስቲ መለስ በይልኝ” አሉ። “የቱን አባባ?” “ቅድም ያለፈውን። ‘ቅሬታ ያለው’ የሚል ነገር አይቻለሁ፣ ቀንም ነበረበት።” “አለፈ እኮ አባባ፤ ደግሞ ሌላ ጊዜ እናየዋለን፤ ሰው እየጠበቀ ነው።” ሰውየው ዝም አሉ። ውጤቱ ወጣ፤ ቁጥሮቹን በወረቀታቸው ላይ አስጽፈው፣ ከፍለው ወጡ።

ልጅቷ ክፉ አይደለችም። ሃያ ሰው ቆሞባታል። ግን ልብ በሉ፤ ቅሬታ የሚቀርበው ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው። እኒያ አባት ያዩት ነገር ልጃቸውን የሚመለከት ነበር። ማየቱን አይተዋል፤ ማንበቡንም ያውቃሉ። የጎደላቸው አንዲት ቀስት መንካት ነበር። ያቺ ቀስት ግን ያለችው በሌላ ሰው እጅ ነው። ያን ዕለት የገባኝ፣ ስለ ቴክኖሎጂ ስናወራ “ያውቃል” እና “አያውቅም” ብለን ሰውን ለሁለት የምንከፍለው አከፋፈል ትክክል እንዳልሆነ ነው። ትክክለኛው ጥያቄ “ማውሱ በማን እጅ ነው?” የሚለው ነው።

ለነገሩ ይህ የመተማ ብቻ ጣጣ አይደለም። የአሜሪካው ዲቪ ሎተሪ ከእ.ኤ.አ. 2003 ጀምሮ ማመልከቻው በኢንተርኔት ብቻ ሆኖ በቆየባቸው ዓመታት በየከተማው ያየነው ነው። ማመልከቻውን የሚሞላው የኢንተርኔት ቤቱ ልጅ ነው። ሲሞላ መጨረሻ ላይ አንድ የማረጋገጫ ቁጥር ይወጣል፤ ውጤቱ የሚታየው በዚያ ቁጥር ነው። ቁጥሩ የወጣበት ገጽ ግን የታየው ለልጁ እንጂ ለባለ ጉዳዩ አልነበረም። ከዚያ በኋላ “ቁጥሩን ልስጥህ፣ ይህን ያህል ክፈለኝ”፣ ብሎም “ደርሶሻል፤ ግን እኔን አግብተሽ ይዘሽኝ ትሄጃለሽ” የሚል ድርድር ሲሰማ ኖሯል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው። ያን ገጽ ለራሱ ያስቀመጠ ወይም ያሳተመ ሰው በዚህ ድርድር ውስጥ አይገባም ነበር።

እንግዲህ ገጽ ማስቀመጥ ካልን ወደምወደው ቃል ደርሰናል። ፈረንጆቹ ቡክማርክ የሚሉት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ ቃሉም አለን፤ ዕልባት። የብራና ዳዊት ያገላበጠ ሰው በገጾቹ ጠርዝ ላይ የተሰፉትን ባለ ቀለም ክሮች ያውቃቸዋል። አንባቢው የሚፈልገውን ክፍል መጽሐፉን ሁሉ ሳያገላብጥ እንዲያገኘው የተደረጉ ናቸው። ከዚህ ቃል የመጣውን አነጋገር ደግሞ በየቢሮው እንሰማዋለን፤ “ጉዳዩ እልባት ይሰጠው”፣ “እልባት አላገኘም”። እልባት የሌለው ጉዳይ ማለት የት ላይ እንደቆመ የማይታወቅ፣ በተነሳ ቁጥር ከመጀመሪያው ገጽ የሚጀመር ጉዳይ ነው። የብዙ ሰው የኢንተርኔት ጉዳይ እንዲህ ነው። ዛሬ ያገኘውን ገጽ ነገ እንደገና ይፈልገዋል፤ ይፈልግና ሌላ ያገኛል፤ ያ ሌላው ትክክል ይሁን አይሁን አያውቅም። ኮምፒዩተር ላይ ኮንትሮል የሚለውን ቁልፍ ይዞ ዲ የምትለዋን ፊደል መንካት፣ ስልክ ላይ ደግሞ የኮከብ ምልክቷን መጫን ነው። ክሩ ተሰፋ ማለት ነው።

ክር ከመስፋት በፊት ግን መጽሐፉ ትክክለኛው መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። ከላይ ያለችውን ረጅም ሳጥን፣ አድራሻው የሚጻፍባትን፣ ጀማሪ ሰው እንደ ጌጥ ያያታል። ዓይኑ ወደ መሐል ነው። አጭበርባሪውም የሚተማመነው በዚሁ ነው፤ መሐሉን አሳምሮ፣ ዓርማውን ለጥፎ ይጠብቀዋል። አድራሻ አነባበብ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ሊከብደን አይገባም ነበር። ሰውን በስሙ ብቻ አንለይም፤ “የማን ልጅ?” እንላለን። አድራሻም እንደዚሁ ነው፤ ዝምድናው የሚታወቀው ከመጨረሻው ነው። ብቻዋን የቆመችውን የመጀመሪያዋን ዘንባባ ሰረዝ ታገኙና ከእርሷ ወደ ግራ ታነባላችሁ። እዚያ ያለው “ዶት ጎቭ ዶት ኢቲ” ከሆነ አያቱ የኢትዮጵያ መንግሥት ነው። “ጎቭ” የምትለዋ ቃል ከፊት ተለጥፋ መጨረሻው ሌላ ከሆነ ግን ስሙን አሳምሮ አያቱን የደበቀ ሰው ነው። ጎግል ላይ ጽፎ መጀመሪያ የመጣውን መንካትም ከዚህ የተለየ አይደለም። መጀመሪያ የመጣው አንዳንዴ ከፍሎ ወንበር የያዘ ማስታወቂያ ነው።

አንድ የሰሊጥ ነጋዴ ደግሞ ስለ ሌላ ቁልፍ አስተማረኝ ብል ይሻላል። ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የዋጋ ወሬ እንደ ድሮው በደላላ ጆሮ ብቻ አይመጣም። ይህ ነጋዴ ስልኩ ላይ ዋጋውን ሲያይ ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚያየው ቀኑን ነው። “ገጹ የትናንቱን አስቀምጦ ያሳየኛል፤ እኔ የዛሬውን እየሰማሁ ይመስለኛል” አለኝ። እውነቱን ነው። ብራውዘር ኔትወርክ ለመቆጠብ ሲል ቀደም ብሎ ያመጣውን ገጽ ጓዳው ውስጥ ያስቀምጣል፤ ስትጠሩት ከጓዳ አውጥቶ ሊያቀርብላችሁ ይችላል። ክብ ሆና የታጠፈችው ቀስት፣ ማደሻዋ፣ “ከጓዳ ሳይሆን ከገበያ አምጣልኝ” የምትሉባት ናት። በኩንታል ጥቂት መቶ ብር ልዩነት ለአንድ መኪና ሰሊጥ ስንት እንደሚመጣ እናንተው አስሉት።

ይህችው ማደሻ ግን ያለ ቦታዋ ስትነካ ጣጣ አላት። ገንዘብ ልካችሁ ወይም ፎርም ሞልታችሁ “ላክ” ካላችሁ በኋላ ገጹ ሲዘገይ እጅ ይበላል፤ ማደስ ያምራል። ያኔ የላካችሁት ነገር ሁለተኛ ሊላክ ይችላል። ብራውዘሩ ራሱ “ድጋሚ ልላክ ወይ?” ብሎ የሚጠይቅበት ጊዜ አለ፤ ችግሩ በእንግሊዝኛ ስለሚጠይቅ ሰው ሳያነብ “እሺ” ይለዋል። የኋላ ቀስቷም እንዲሁ ናት፤ ረጅም ፎርም መሐል ላይ ከተነካች የሞላችሁትን ሁሉ አጥፍታ ልትመልሳችሁ ትችላለች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለዚህም ይሠራል።

ታዲያ ፎርም እየሞላችሁ ሌላ ነገር ማየት ብትፈልጉስ? የፓስፖርት ቁጥር ኢሜይል ውስጥ አለ፤ ፎርሙ እዚህ ተከፍቷል። ጀማሪው ፎርሙን ትቶ ወደ ኢሜይሉ ይሄዳል፤ ሲመለስ ፎርሙ ባዶ ነው። ለዚህ ነው ታብ የሚባለው የተፈጠረው። ኮንትሮልና ቲ ስትነኩ፣ ስልክ ላይ ደግሞ የመደመር ምልክቷን ስትጫኑ፣ አጠገቡ ሌላ በር ይከፈታል፤ የመጀመሪያው ክፍል እንዳለ ይቆያል። አንድ እግር ሳይነሱ ሌላውን ማስቀደም ነው። እጅ ስቶ አንዱ በር ከተዘጋም አትደንግጡ፤ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ቲ አንድ ላይ ሲነኩ የተዘጋው ይከፈታል። ይህችን ሦስት ቁልፍ ለአንድ የቀድሞ ባልደረባዬ፣ ዶክትሬቱን ይዞ ላረጀ ሰው፣ ባሳየሁት ጊዜ እንደ ሕፃን ደጋግሞ እየዘጋ ሲከፍት ቆየ። መማር ዕድሜ የለውም።

አሁን የፊደል ነገር ላንሳ። ለዓመታት ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የሞክሼ ፊደላት ክርክር ሰልችቶኝ ነበር። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ። “ለአንድ ድምፅ ምን ያደርጋሉ?” የሚሉና “ታሪክ ናቸው” የሚሉ ሰዎች ከእኔ በፊትም ተከራክረዋል፣ ከእኔም በኋላ ይከራከራሉ። ብራውዘር ግን ክርክሩን ወደ ኑሮ አወረደው። ገጽ ውስጥ ቃል መፈለጊያ የሚባል ነገር አለ፤ ኮንትሮልና ኤፍ፤ ስልክ ላይ ከሦስቱ ነጥቦች ሥር ይገኛል። በ500 ስሞች ዝርዝር ውስጥ ስማችሁን በዓይን ከመልቀም ያድናችኋል። ግን መሣሪያው ዓይን እንጂ ጆሮ የለውም። “ዮሀንስ” ብላችሁ ከጻፋችሁ “ዮሐንስ” ተብሎ የተጻፈውን አያገኘውም። “ፀሐይ” ብላችሁ ብትፈልጉ “ጸሀይ” አጠገቡ ተቀምጣ “የለም” ይላችኋል። ስንቱ ሰው ስሙ ዝርዝሩ ላይ እያለ “የለሁበትም” ብሎ ወጥቶ ይሆን?

መላው ቀላል ነው፤ ሞክሼ የሌለበትን የቃሉን ክፍል ብቻ መጻፍ። ለዮሐንስ “ንስ” ብላችሁ ጀምሩ፤ ብዙ ቢመጣም የእናንተው ከውስጡ አይጠፋም። መተማማ የታደለች ናት፤ በስሟ ውስጥ አንድም የሚያምታታ ፊደል የለም። እ.ኤ.አ. በ1999 የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ ባይገባ ኖሮ ይህም ባልተገኘ። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ፊደላቱን በራሱ መንገድ ስለሚያስቀምጥ አንዱ የጻፈውን ሌላው እንደ እንቆቅልሽ ነበር የሚያየው።

“ይህን ሁሉ ልጆቹ ያውቁታል፤ ለማን ነው የምትነግረው?” የሚለኝ አይጠፋም። እኔም እንዲያ ይመስለኝ ነበር። ልጆቹ የሚያውቁት ግን ሌላ ነገር ነው። ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ አውራ ጣታቸው ይበራል። ያ ግን ወደ ታች ብቻ የሚወርድ ወንዝ ነው፤ ከአፍታ በፊት ያዩትን “እስቲ አምጣው” ብትሏቸው ወንዙ ወስዶታል። አድራሻ የለው፣ ምንጭ የለው፣ ቀን የለው። ብራውዘር ላይ ተቀምጠው “የትኛው ድረ ገጽ ላይ አየኸው?” ስትሏቸው “ጎግል ላይ” ይሏችኋል። ጎግል ላይ አየሁ ማለት እኮ መንገድ ላይ ሰማሁ እንደ ማለት ነው። ለቀልድና ለዘፈን ይበቃ ይሆናል። ለፈተና ውጤት፣ ለመድኃኒት፣ ለጦርነት ወሬ ግን አይበቃም። ከሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሱዳን በጦርነት ስትታመስ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በዚያው በመተማ በር ወደ እኛ ሲሻገሩ፣ አንዱ ወሬ “በሩ ተዘጋ” አንዱ ወሬ “ተከፈተ” ሲል፣ ወሬው የማን እንደሆነና የስንት ቀን እንደሆነ መለየት የሕይወት ጉዳይ ነው።

ትምህርት ቤቶቻችንስ? ብዙ ቦታ ልጆች ስለ ኮምፒዩተር የሚማሩት ታሪኩን ነው፤ የመጀመሪያው ትውልድ፣ ሁለተኛው ትውልድ፣ ግብዓት፣ ውጤት። በቃል ይያዛል፣ ይፈተኑታል፣ ይረሳል። በ1990ዎቹ መጨረሻ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የገባውን ፕላዝማ ታስታውሱታላችሁ። የማስተማሪያው መምህር ከስክሪን ላይ ይናገራል፤ ተማሪው ጽፎ ሳይጨርስ ያልፋል። “ጋሼ፣ ይመለሱልን” አይባል፤ አይሰማ። የአንድ ዘመን ተማሪዎቻችን ከስክሪን ጋር የተዋወቁት በዚያ ነው፤ ወደ ፊት ብቻ በሚሄድ፣ የኋላ ቀስት በሌለው ስክሪን። ያመለጠው አመለጠው። ዛሬም ብዙ ሰው ከስክሪን ፊት ሲቀመጥ ትከሻው የሚጠበበው፣ ያለፈ ነገር የማይመለስ የሚመስለው፣ ከዚያ የተረፈ ልማድ ይሆን እላለሁ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የ12ኛ ክፍል ፈተና ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒዩተር መሰጠት ጀምሯል። ማውስ ነክቶ የማያውቅ የቋራ ልጅ ከፊዚክሱ ጋር አብሮ በማውስም እንዲፈተን ማድረግ ፍርደ ገምድልነት ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባል የለ?

“ኔትወርኩ ራሱ መች ኖሮ?” የሚለው ተቃውሞ ከሁሉም ይከብዳል። በሐምሌ 2015 መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆይቷል። በዚያን ጊዜ ስለ ታብና ስለ ዕልባት ማውራት ለተራበ ሰው ስለ ማንኪያ አያያዝ እንደ ማውራት ነው ብትሉኝ አልከራከርም። ግን ኔትወርክ የሚቆራረጥበት አገር ሰው ይበልጥ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ገጽን ስልክ ውስጥ ማውረድ ይቻላል። ክሮም ላይ ሦስቱን ነጥቦች ነክቶ ወደ ታች የምታሳየዋን ቀስት መጫን ነው። መስመር ሲጠፋም ያ ገጽ ይነበባል። ዕልባት አድራሻውን ብቻ ነው የሚይዘው፤ ማውረድ ግን እህሉን ጎተራ ማስገባት ነው። ቆላ የሚኖር ገበሬ ደግሞ ክረምት ከመግባቱና መንገድ ከመቆረጡ በፊት ማስገባትን ከማንም በላይ ያውቃል። የመድኃኒት አወሳሰድ፣ የትምህርት ማስታወሻ፣ የፎርም መመሪያ፤ መስመር ባለበት ሰዓት ይውረድ።

የሰው ኮምፒዩተር ላይ ለሚሠራ የመጨረሻ ነገር መውጣት ነው። መስኮቱን መዝጋት መውጣት አይደለም፤ በሩን ገጥሞ መሄድ ነው፤ ቁልፉ ውስጥ ነው። ኢሜይላችሁን “ውጣ” ብላችሁ ካልወጣችሁ ቀጥሎ የተቀመጠው ሰው በእናንተ ስም ይገባል። ስውር መስኮት የሚባለውም አለ፤ ክሮም ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤን። ሲዘጋ የሄዳችሁበትን ዱካ ብራውዘሩ ውስጥ አያስቀርም። ከኔትወርኩ ባለቤት ይሰውረኛል ብላችሁ ግን አትመኑት፤ ዱካውን ከቤቱ ውስጥ ይጠርጋል እንጂ ከመንገዱ ላይ አያጠፋውም።

ይህን ሁሉ ስዘረዝር መመሪያ የጻፍኩ መስሎ ከታየ ዓላማዬ ይህ አልነበረም። ቁልፎቹን ማንም በአንድ ከሰዓት ያሳያል። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። አንድ ሰው የራሱን ጉዳይ ራሱ ዞር ብሎ ማየት ካልቻለ፣ ጉዳዩ የእርሱ ነው ማለት ይቻላል? ድሮ ደብዳቤ አጻጻፍ የማያውቅ ሰው ፍርድ ቤት ደጃፍ ወደተቀመጠው ራፖር ጸሐፊ ይሄድ ነበር። ጸሐፊው ያሰኘውን ይጽፋል፤ ባለ ጉዳዩ አውራ ጣቱን ያትማል። መሠረተ ትምህርት የተባለው ዘመቻ ሁሉ ያችን አውራ ጣት ለማዳን ነበር። አሁን ደግሞ ማንበብ የሚችል ሰው ከሰው ጀርባ ቆሞ በሌላ ሰው እጅ ሲነዳ እናያለን። ፊደል ቆጥሮ እንደገና አውራ ጣቱን ማተም የጀመረ ሰው ነው።

ስለዚህ የኢንተርኔት ቤት ያላችሁ ልጆች፣ ሥራችሁን ንቀን አይደለም፤ ብዙ ሰው ያለ እናንተ የትም አይደርስም። ስክሪኑን ግን ወደ ባለ ጉዳዩ አዙሩት። ገጹ ሲያልፍ “ይህ የቅሬታ ማቅረቢያ ቀን ነው አባባ፣ እናስቀምጠው?” ማለት አምስት ሴኮንድ አይፈጅም። መምህራን፣ ከኮምፒዩተር ትውልዶች ታሪክ አንድ ክፍለ ጊዜ ቀንሳችሁ ለዚህ ስጡት። ኮምፒዩተር አንድ ብቻ ቢሆን እንኳ ሃምሳ ተማሪ በተራ ይንካው። ቤት ውስጥ ያላችሁ ልጆች ደግሞ እናትና አባታችሁ “እስቲ አሳየኝ” ሲሏችሁ ስልኩን ቀምታችሁ አትሥሩላቸው። እጃቸው ላይ እንዳለ አሳዩአቸው፤ ይቆይ፣ ይዘግይ። መጀመሪያም ወደ ፊት የሚወስደውን ሳይሆን ወደ ኋላ የምታሳየውን ቀስት አስነኳቸው። መመለሻውን ያወቀ ሰው ለመሄድ አይፈራም።